ስጠፋ ማን ልብ አለ? የአንድ ክር እና የ31 ምላሾቹ ታሪክ

አሮጌ የቫኩም ቲዩብ (አምፖል መሰል የመስታወት ክፍል) ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች በሚገናኙበት የኢንተርኔት መድረካችን ላይ ባለፈው ወር የተከፈተ አንድ ክር፣ ማለትም በአንድ ጉዳይ ላይ የሚደረግ የጽሑፍ ውይይት፣ እስካሁን 31 ምላሽ ሰብስቧል። ከሁለቱ አወያዮች አንዱ በመሆኔ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሦስተኛው ንባብ ላይ ስለ ሬዲዮ የተጻፈው ከጥቂት መስመር እንደማይበልጥ አስተዋልኩ። የማንንም ቃል እንዳለ ሳልወስድ፣ የማንንም መለያ ስም ሳልጠራ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ እየጠቀስኩ እዚህ አሰፍረዋለሁ። ይህን የማደርገው ዘግይተው የመጡ አባላት ነገሩ ከምን እንደተነሳና ክሩ ለምን ለአንድ ቀን እንደተዘጋ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው።

ክሩን የከፈቱት ሰው፣ ከዚህ በኋላ ከፋቹ የምላቸው፣ 6 ዓመት የቆዩ አባል ናቸው። እስከዚያ ዕለት ድረስ 1,140 ምላሾችን ጽፈዋል፤ ጣቢያ አልይዝ ያለው፣ ትራንስፎርመሩ መሽተት የጀመረው፣ ቲዩቡ አልበራ ያለው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው የእርሳቸውን መልስ ነበር። በመነሻ ጽሑፋቸው ታመው 11 ሳምንት ከመድረኩ ርቀው እንደቆዩ፣ ሲመለሱ የጠበቃቸው መልእክት አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም ሥርዓቱ በራሱ የሚልከው የልደት መልካም ምኞት እንደነበረ ገለጹ። ጥያቄያቸው ሳይተያዩ በጽሑፍ ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች ይከባበራሉ ወይ የሚል አልነበረም፤ መከባበሩንማ 6 ዓመት ሙሉ አይተውታል። የጠየቁት እዚህ የሚፈለገው መልሳቸው ነው ወይስ እርሳቸው የሚለውን ነው። የራሳቸውንም ድምዳሜ አልደበቁም፤ ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚባለው እንኳ ለእኛ እንደማይሠራ፣ ምክንያቱ ደግሞ መጀመሪያውኑ አንዳችን በሌላችን ዓይን ገብተን ስለማናውቅ እንደሆነ ጻፉ።

ያንን የልደት መልእክት ሥርዓቱ እንዲልክ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከ3 ዓመት በፊት፣ አባላት የሚያስታውሳቸው እንዳለ ይሰማቸው ብዬ የከፈትኩት አገልግሎት ነው። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ።

ቁጥር 1 እንደ ወጉ በትሕትና ጀመረ፤ እንኳን በጤና ተመለሱ ብሎ ስለ ሕመማቸው ማዘኑን ገለጸ፣ ባለመጠየቁም ይቅርታ ለመነ። ቁጥር 2 የከፋቹን ስሜት በሙሉ ልብ ተጋራ፤ እርሱም ከአንድ ዓመት በላይ ጠፍቶ ሲመለስ መጥፋቱን ያወቀ ሰው እንዳልነበረ፣ ይባስ ብሎ አንድ አባል እንደ አዲስ ገቢ ቆጥሮት የመድረኩን ደንብ እንዲያነብ እንደመከረው አወጋ። ነገሩ ያስቃል፤ ጽሑፉን ግን የጻፈው የሚስቅ ሰው አይመስልም ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ የገባው ቁጥር 3 ነው። ሰዎች በአንድ ክፍል ሲሰበሰቡ የቀረውን ሰው የሚናገረው ባዶ ወንበሩ እንደሆነ፣ እዚህ ግን ወንበር የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዳ። መድረኩ የተሠራው አዲስ የተጻፈውን ከላይ እንዲያሳይ ስለሆነ የጻፈ ሰው ይታያል፤ ያልጻፈ ሰው ግን ወደ ታች እየተገፋ፣ ማንም ክፉ ሳያስብበት፣ ከገጹ ይወጣል። ስለዚህ ከፋቹ እንደ መረሳት የቆጠሩት ነገር የሰዎች ልብ መድረቅ ሳይሆን የገጹ አደራደር ጉዳይ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ግማሽ እውነት እንዳለው አምናለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን ለማሽን ትቶ እጁን ታጠበ።

ቁጥር 4 ሮቢን ደንባር የተባለውን እንግሊዛዊ ተመራማሪ ጠቅሶ መጣ። ደንባር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ጥናት አንድ ሰው በቅርብ ሊያውቃቸው የሚችላቸው ሰዎች ወደ 150 ገደማ እንደሆኑ መገመቱን፣ በዚያም ውስጥ 5 የልብ ወዳጆች፣ 15 ቅርብ ሰዎች፣ 50 ጓደኞች እያለ የሚሰፋ ክብ እንዳለ አብራርቶ፣ ከ3,000 በላይ አባላት ባሉት መድረክ ሰው ሁሉ ሰውን ሁሉ ያስታውስ ማለት ከተፈጥሮ ጋር መጣላት እንደሆነ ደመደመ። ቁጥር 5 ወዲያው አረመው፤ ግምቱ የዝንጀሮና የጦጣ ዝርያዎችን የአንጎል ክፍል መጠን ከመንጋቸው ብዛት ጋር በማነጻጸር የተገኘ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የስዊድን ተመራማሪዎች ስሌቱን ደግመው ሲሠሩት ውጤቱ እጅግ ሰፊ በሆነ ክልል ውስጥ ስለዋዠቀ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሊሰጥ እንደማይችል መግለጻቸውን አስታወሰ። ከዚያም ጨምሮ፣ የተመዘገበው 3,000 ይሁን እንጂ የሚጽፈው ጥቂት መሆኑን፣ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው ግምት ከ100 ሰው 90ው አንባቢ ብቻ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ የሚጽፍ፣ 1ዱ ደግሞ አዘውትሮ የሚጽፍ እንደሆነ ጠቀሰ። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ከፋቹን የሚያውቋቸው ሰዎች በአንድ አዳራሽ የሚሞሉ እንጂ ከተማ የሚያክሉ አይደሉም፤ አለመጠየቃቸውም በብዛት ሊሳበብ አይችልም።

የ90ው ነገር ሲነሳ ከ90ው አንዷ ብቅ አለች። ቁጥር 6 በሕይወቷ የመጀመሪያውን ምላሽ የጻፈች አባል ናት፤ 2 ዓመት ሙሉ ስታነብ እንጂ ስትጽፍ አትታወቅም። የመጀመሪያዋን ሬዲዮ ገዝታ ልትከፍት ስትል፣ ከፋቹ ለሌላ ሰው ከጻፉት ምላሽ ላይ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ውስጥ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ሊገድል እንደሚችል፣ ክዳኑ ከተነሳ በኋላ በመጀመሪያ በሬዚስተር አማካይነት ማውረድ፣ ከዚያም በመለኪያ ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ማንበቧን ጻፈች። ያንን ምላሽ አትማ ከሥራ ጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። የወረቀቱ ታችኛው ጥግ በመበየጃው ሙቀት ቡናማ እንደሆነ፣ ፕላስተሩም ሁለት ጊዜ እንደተቀየረ፣ እርሷ ግን ሬዲዮ በከፈተች ቁጥር ዛሬም ቀና ብላ እንደምታየው ገልጻ፣ በ2 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብላ ባለመጻፏ ማፈሯን ተናገረች። ለምን እንዳልጻፈችም አስረዳች፤ ብዙ የሚያውቅ ሰው የአንዲት ጀማሪ ምስጋና የሚያስፈልገው አልመሰላትም ነበር።

ከፋቹ በቁጥር 7 መለሱ። ደስ እንዳላቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ ይሁን እንጂ ከአቋማቸው አልተነቃነቁም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መልሳቸው እንጂ እርሳቸው እንዳልሆኑ፣ ያንኑ ምክር ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ወረቀቱ እዚያው ይለጠፍ እንደነበር አመለከቱ። ቁጥር 8 ነገሩን በምሁር ቋንቋ ሊያለዝበው ሞከረ። ማክሚላን እና ቻቪስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1986 የማኅበረሰብ ስሜት በአራት ነገር እንደሚቆም መጻፋቸውን አነሳ፤ አባል መሆን፣ ተሰሚነት ማግኘት፣ የሚያስፈልግን ነገር ከማኅበሩ ማግኘት፣ የጋራ የሆነ የስሜት ትስስር። ከፋቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከማንም በላይ እንዳገኙ፣ የጎደላቸው አራተኛው እንደሆነ ተነተነ። ሦስተኛውን ዘለለው። ለምን እንደዘለለው ያኔ ማናችንም አልጠየቅንም፤ ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ከፋቹን እርስዎ እያለ ነበር የሚጽፈው። በቁጥር 9 አንተ መጣ።

ቁጥር 9ን የጻፈው ሰው ምላሱ ስለታም እንደሆነ የታወቀ ነው። አንድ ምሽት ተቀምጦ የከፋቹን 1,140 ምላሾች በፍለጋ አውጥቶ ማየቱን፣ በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ከፋቹ ለራሳቸው የጠየቁት አንድም ጥያቄ፣ ስለ አንድም ሰው ደኅንነት የጻፉት አንድም መስመር አለማግኘቱን ዘርዝሮ አሰፈረ። ባለፈው ዓመት አንድ ታዋቂ አባል 4 ወር ሲጠፋ ከፋቹ ምን እንዳደረጉ ጠይቆ ራሱ መለሰ፤ ምንም። ሰው ሁሉ ወደ እርሱ እንዲመጣ በሩን ከፍቶ የሚቀመጥ፣ እርሱ ግን የማንንም በር አንኳኩቶ የማያውቅ ሰው፣ በታመመ ጊዜ ማንም አላንኳኳልኝም ብሎ የመክሰስ መብቱን ከየት እንዳገኘው ሊገባው እንዳልቻለ ጽፎ ጨረሰ። ይህ ሁሉ በአንተ ነበር።

ቁጥር 10 ነደደ። ግን የነደደው በሐሳቡ ሳይሆን በተውላጠ ስሙ ነው፤ በዕድሜ የገፋን፣ ገና ከሕመም የተነሣን ሰው አንተ ብሎ መጻፍ ነውር እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ሰው ባለበት መድረክ ማንም መከበርን ሊጠብቅ እንደማይገባው ጻፈ። ቁጥር 11 በቁጥር 10 ላይ ዞረ፤ በእርስዎ የታጀበ ሽሙጥ ከአንተ የባሰ እንደሆነ፣ ባለፉት ዓመታት በጣም የከፉት ስድቦች በእርስዎ የተጻፉ እንደነበሩ አስታውሶ፣ ቁጥር 10ን ራሱን ለምሳሌ አቀረበ። ክሩ ሊበጠስ ደረሰ።

በቁጥር 12 የመጣችው አባል አንተን ከሌላ ወገን አየችው። የመለያ ስሟ የአንድ ቲዩብ የሞዴል ቁጥር ስለሆነ ሰው ሁሉ ወንድ ነው ብሎ ገምቶ 4 ዓመት ሙሉ አንተ ሲላት እንደኖረ ተናገረች። ቋንቋችን ገና ግሱ ላይ ወንድና ሴትን ስለሚለይ አንባቢው ሳይገምት ሊጽፍላት አይችልም፤ እርስዎ የሚላትም ቢሆን ባያውቃት ነው። መጀመሪያ ላይ ለማረም ሰነፈች፤ በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ፤ እየቆየ ሲሄድ የሚመሰገነውና የሚጠየቀው እርሷ ሳትሆን በስሟ የሚኖር ሌላ ሰው መስሎ ይሰማት ጀመር። ምስጋና እያገኙ አለመታየት እንዴት እንደሆነ ከፋቹ ከሚያስቡት በላይ እንደምታውቅ ጻፈች። ቀጥላም፣ በ4 ዓመት ውስጥ እንዴት ብዬ ልጥራሽ ወይስ ልጥራህ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ያ ሰው ደግሞ አሁን አንተ በማለቱ የተወገዘው ቁጥር 9 መሆኑን ገለጠች።

ቁጥር 11 እና 10 ግን አላነበቧትም ይመስለኛል፤ በግል መልእክት መዘላለፋቸውን ቀጥለው ወደ እኛ አቤቱታ ላኩ። ክሩን ለአንድ ቀን የዘጋሁት ያኔ ነው፤ ቁጥር 13 የእኔው የመዝጊያ ማስታወቂያ ነው። አሁን ሳስበው መዝጋት የነበረብኝ አይመስለኝም። የቁጥር 12 ጽሑፍ ከተዘጋ በር ጀርባ አንድ ቀን ሙሉ ያለ መልስ ማደሩ ይቆጨኛል።

ሲከፈት ቁጥር 14 የማትስ ስቲንን ታሪክ ይዞ ገባ። ማትስ እ.ኤ.አ. በ1989 የተወለደ፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያዳክም ሕመም ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የኖረ ኖርዌያዊ ወጣት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ዓመቱ ሲሞት ወላጆቹ ልጃቸው ወዳጅ ሳያፈራ፣ በሰው ሕይወት ላይ አሻራ ሳያኖር አለፈ ብለው አዘኑ። አባቱ ማትስ ይጽፍበት በነበረው ብሎግ ላይ ሞቱን ሲያስታውቅ ግን ከልዩ ልዩ አገሮች ደብዳቤ ጎረፈ፤ በጨዋታው ውስጥ ኢቤሊን በሚል ስም የሚያውቁት ሰዎች እንዴት እንዳዳመጣቸው፣ እንዴት ከጭንቀታቸው እንዳወጣቸው ጻፉ። አንዳንዶቹ ድንበር ተሻግረው ለቀብሩ መጡ። ቁጥር 14 ከዚህ ተነስቶ ሳይተያዩ መዋደድ እንደሚቻል ማስረጃው ይኸው ነው አለ።

ቁጥር 15 ታሪኩን አልካደም፤ ሌላ ጫፉን ግን አሳየ። የማትስ ጓደኞች ያወሱለት በጨዋታው ስንት ጠላት እንደጣለ ሳይሆን ከማን ጋር ምን እንደተጨዋወተ እንደነበረ፣ ማትስም በበኩሉ ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ከእነርሱ ደብቆ እንደኖረና በመጨረሻዎቹ ዓመታት መናገር እንደጀመረ አስታወሰ። ፍቅሩን ያገኘው በእርዳታው ብቻ ሳይሆን ራሱንም ለሰዎች መክፈት በመጀመሩ እንደሆነ አሳስቦ፣ ቁጥር 9 በሻካራ ቃል ያለው ነገር ከዚህ የራቀ እንዳልሆነ በለሰለሰ ቋንቋ ደገመው። በእርስዎ ነበር የጻፈው።

ቁጥር 16 ልብ አያስፈልግም፣ ነጥብና ሜዳልያ ይበቃል ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ ጥናት፣ በዊኪፔዲያ ላይ ባርንስታር የሚባለውን የምስጋና ኮከብ ያገኙ ጸሐፊዎች ካላገኙት ይልቅ ሥራቸው 60 በመቶ መጨመሩን ጠቅሶ፣ መድረካችንም የነጥብ ሥርዓት እንዲያስገባ ሐሳብ አቀረበ። ቁጥር 17 ያንኑ ጥናት በደንብ ያነበበ ሰው ነው። ኮከቡ የተሰጠው ቀድሞውኑ ከሁሉ በላይ ይሠሩ ከነበሩት 1 በመቶ መካከል በዕጣ ለተመረጡት እንደሆነ፣ ስለዚህ ለጀማሪም ሆነ ለዝምተኛ ምን እንደሚያደርግ እንደማይነግረን አስረዳ። ባርንስታር ደግሞ ማሽን ቆጥሮ የሚያድለው ሳይሆን ተቀባዩ ሰው እንደሰጠው የሚያውቀው ነገር መሆኑን አከለ። ይህን ሳነብ የልደት መልእክቴ ትዝ አለኝ፤ በዚያው ምሽት ዘጋሁት። ከቁጥር 18 እስከ 20 ያለው ከ10 ዓመት በፊት መድረኩ ላይ ስለነበሩት ትንንሽ የማዕረግ ምልክቶች የተደረገ የትዝታ ወግ ነው፤ ለነበረበት ሰው ይጣፍጣል፣ ከጉዳዩ ጋር ግን ብዙም አይገናኝም።

ቁጥር 21 ከመድረኩ መሥራቾች መካከል የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ብዙ አይጽፉም። በዚህ ክር ላይ ግን ማንም ያላወቀውን ነገር ተናገሩ፤ ከመሣሪያ ሣጥናቸው ጎን አንድ ባለ መስመር ደብተር አላቸው። በግራ በኩል የአባላት መለያ ስም፣ በቀኝ በኩል በእርሳስ የተጻፈ ቀን አለ፤ ሰውዬው በጻፈ ቁጥር የቀድሞውን ቀን በላጲስ እያጠፉ አዲሱን ይጽፋሉ። ደጋግሞ የተላጰሰበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቶ ከኋላ ያለውን መስመር ያሳያል፤ ሳይሳሳ የቀረው ስም የጠፋ ሰው ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም ሲያዩ ይጽፉለታል። ቁጥር 3 የለም ያለው ባዶ ወንበር በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ለካ 9 ዓመት ሙሉ ኖሯል።

ከዚያ የተናገሩት ነገር ግን ክሩን ቀየረው። የከፋቹ ስም በደብተሩ ውስጥ አለ። በ4ኛው ሳምንት አስተውለውታል፣ በጎኑም ምልክት አድርገውበታል። ሳይጽፉላቸው የቀሩት ረስተው ሳይሆን ምን ብለው እንደሚጀምሩ ስለጠፋቸው ነው፤ ለሌላው ሰው ያ የጀመርከው ሬዲዮ ከምን ደረሰ ብለው ይጀምራሉ፣ ከፋቹ ግን ምን እንደጀመሩ፣ ምን እንደተበላሸባቸው፣ ምን እንደሚቸግራቸው በ6 ዓመት ውስጥ ነግረውን አያውቁም። ምንም የማይጎድለውን ሰው ምን ጎደለህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት መሰላቸው። ይህን ሲጽፉ ይቅርታ ለመጠየቅ እንጂ ለመክሰስ አልነበረም፤ የቁጥር 9ን ክስ ግን ከቁጥር 9 ይልቅ ያጸናው ይኸው ይቅርታ ነው።

ሁሉም ደብተሩን አልወደደውም። ቁጥር 22 ይህ እንክብካቤ ሳይሆን ክትትል ነው ብሎ ተቃወመ። ሰው በዝምታ የመሄድ መብት እንዳለው፣ እርሱ ራሱ ባለፈው ዓመት በቤተሰብ ሐዘን ምክንያት ሲጠፋ ማንም ባለመጠየቁ እፎይ እንዳለ፣ ስሙ በማያውቀው ሰው ደብተር ላይ መኖሩን መስማቱ እንደከበደው ጻፈ። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ከአወያይነት ልምዴ እንደማውቀው የት ጠፋህ የሚለው ጥያቄ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው ምርመራ ነው። ቁጥር 23 በመሐል ገብቶ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪፕሊንግ ዊልያምስና ባልደረቦቹ ሳይበርቦል በሚባል ቀላል የኮምፒውተር ኳስ ጨዋታ ያደረጉትን ሙከራ አቀረበ። ኳሱ ሳይወረወርላቸው የቀሩ ተጫዋቾች ስሜታቸው ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው ደግሞ ኳሱን የነፈጋቸው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር መሆኑ አስቀድሞ ቢነገራቸውም ይጎዳል። ስለዚህ ከፋቹ የተሰማቸው ነገር ሥርዓቱ ያመጣው ነው ተብሎ ቢነገራቸውም ሕመሙ ሕመም ነው ሲል በቁጥር 3 ላይ ዘግይቶ መልስ ሰጠ።

የደብተሯ ባለቤት በቁጥር 24 ለተቃዋሚው መለሱ፣ በአንቱታ ሳይሆን እንደ ልጃቸው ልጄ እያሉ። ለጠፋ ሰው የት ጠፋህ ብለው ጽፈው እንደማያውቁ፣ የሚጽፉት ያ ሰው ብቻ ሊመልሰው የሚችል ትንሽ የሥራ ጥያቄ እንደሆነ አስረዱ፤ ባለፈው የለወጥከውን የድምፅ ማጉያ ጨርቅ በምን አጣበቅኸው ዓይነት። መመለስ የፈለገ ይመልሳል፣ ስለ ራሱ መናገር የፈለገም መንገዱ ተከፍቶለታል፤ ዝም ማለት የፈለገም የዘለለው የጨርቅ ጥያቄ እንጂ የሰው ርኅራኄ ስላልሆነ አያፍርም። ተቃዋሚው ስሙ ከደብተሩ እንዲወጣ ከፈለገም ዛሬውኑ በላጲስ እንደሚያጠፉት ቃል ገቡ። ቁጥር 22 እስካሁን አጥፉልኝ አላለም።

ከፋቹ ከ5 ቀን ዝምታ በኋላ በቁጥር 25 ተመለሱ። ቁጥር 9 የቆጠረው ትክክል መሆኑን አመኑ። ያልጠየቁት የሚጠይቁት ጠፍቶ አይደለም፤ አንዴ የሚመልስ ሰው ተብለው ከታወቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ 1,140ው መልስ ሁሉ የሚጠረጠር ስለመሰላቸው ነው። ከዚያም መደርደሪያቸው ላይ ለ2 ዓመት ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አንድ ሬዲዮ እንዳለ፣ ሲበራ ከጣቢያው ድምፅ በታች እንደ ንብ መንጋ እዝዝ የሚል ነገር እንደሚሰማበት፣ አንድ ሌላ ባለሙያ አማክረው ቢሆን በአንድ ሰዓት ይጠገን እንደነበር፣ እርሳቸው ግን ከማማከር ጨርቅ ማልበስን እንደመረጡ ጻፉ።

ቁጥር 26 ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ አባል ያስቀመጠው የእጅ ጭብጨባ ምልክት ብቻ ነው። ቁጥር 27ን የጻፈው ያው የቁጥር 9 ጸሐፊ ነው። ይቅርታም አልጠየቀም፣ ነግሬህ ነበርም አላለም፤ እዝዝታው ከመስመሩ ኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ጋር እኩል ነው ወይስ እጥፉ ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ፣ በዚያው በአንተ። እጥፉ ከሆነ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል ማለት ሊሆን እንደሚችል፣ እኩል ከሆነ ግን ሌላ ቦታም መፈለግ እንደሚያስፈልግ አከለ። የዚህን ጊዜ ስለ ተውላጠ ስሙ የተናገረ ሰው የለም፤ ቁጥር 10 እንኳ።

ቁጥር 28 ባለወረቀቷ ጀማሪ ናት። ከፋቹ ክዳኑን ካነሱ በኋላ ምንም ከመንካታቸው በፊት በካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማውረድ እንዳይረሱ፣ ይህንንም ከአንድ ታማኝ ምንጭ እንዳገኘችው አሳሰበች። ከፋቹ በቁጥር 29 እንዳወረዱት ማሉ፤ ድምፁንም በመለኪያ እንዳዩትና እጥፉ ሆኖ እንዳገኙት አስታወቁ። ቁጥር 30 የትኞቹን ካፓሲተሮች በምን መጠን እንደሚቀይሩ በሦስት መስመር አስቀመጠ።

ቁጥር 31 የከፋቹ ነው። ሁለቱን ካፓሲተሮች እንደቀየሩ፣ ሬዲዮው አሁን ከጣቢያው በስተቀር ምንም እንደማይሰማበት ገልጸው፣ የቁጥር 9ን ጸሐፊ አንተ ብለው አመሰገኑት። ከዚያ ወደ ጀማሪዋ ዞረው ያ መጀመሪያ የከፈተችው ሬዲዮ በመጨረሻ ድምፅ አውጥቶ እንደሆነ፣ ካላወጣም የት ላይ እንደቆመ ጠየቋት። ፈልጌ አይቼዋለሁ፤ በ6 ዓመት ውስጥ ስለ ሌላ ሰው ሬዲዮ መጨረሻ የጠየቁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ከእርሷ መለያ ስም ጎን በመጻፍ ላይ መሆኗን የሚያመለክቱት ሦስት ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ጠፍተው ተመልሰው መጡ፤ ረዥም ነገር የምትጽፍ ይመስለኛል።